ሂና፣ ኢንዲጎ ወይስ የካርቶን ቀለም? ፀጉር ለማቅለም ለተዘጋጀ አዲስ አበቤ የንጽጽር መመሪያ

ሜክሲኮ አካባቢ ወይም መርካቶ ከሚገኙት የኮስሞቲክስ ሱቆች ወደ አንዱ ገብታችሁ «የተፈጥሮ የፀጉር ቀለም አለ?» ብትሉ፣ ሻጩ ሦስት ዓይነት ዕቃ ሊያወርድላችሁ ይችላል። አንዱ አረንጓዴ የሂና ዱቄት ነው። ሁለተኛው በትንሽ ከረጢት የታሸገና በግማሽ ሰዓት ፀጉር እንደሚያጠቁር የሚነገርለት «ጥቁር ሂና» ነው። ሦስተኛው የቅጠል ሥዕል ያለበት «አሞኒያ የለውም» የተባለ የካርቶን ቀለም ነው። ሦስቱም «የተፈጥሮ» ተብለው ይሸጣሉ፤ የራስ ቆዳችሁ ላይ የሚያርፈው ነገር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሽበቱን ማጥቆር ለሚፈልግና ግማሽ ቀን ለሚኖረው ሰው ንጹህ ሂናና ኢንዲጎ (ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ የዕፅዋት ዱቄት) ከኬሚካል ቀለም ይሻላሉ ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ከሁሉ በላይ የምሰጋው በግልጽ ኬሚካል ተብሎ ለሚሸጠው አይደለም፤ በተፈጥሮ ስም ለሚሸጠው ኬሚካል ነው። የመጀመሪያው ቢያንስ ማስጠንቀቂያውን ካርቶኑ ላይ ይዞ ይመጣል።

ዕቃውን ከማየት በፊት የሚታዩ መስፈርቶች

የመጀመሪያው ጥያቄ ከየትኛው ቀለም ወደ የትኛው መሄድ እንደምትፈልጉ ነው። ዕፅዋት ቀለም ይጨምራሉ እንጂ ያለውን አያነሱም። ጥቁር ፀጉርን ወርቃማ ወይም ቡናማ የሚያደርግ ቅጠል የለም። ለዚያ የፀጉሩ የተፈጥሮ ቀለም፣ ሜላኒን፣ መፍረስ አለበት፤ ይህን የሚያደርገው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ፍላጎታችሁ ፀጉር ማንጣት ከሆነ ስለ ሂና የሚነገረው ሁሉ አይመለከታችሁም፤ በቀጥታ ወደ ቋሚው ኬሚካል ቀለም እለፉ።

ሁለተኛው የዕቃው ይዘት ነው። በውስጡ ምን እንዳለ ያልተጻፈበትን ዕቃ፣ የሻጩ ቃል ምንም ያህል ጣፋጭ ቢሆን፣ አትግዙ። ኮስሞቲክስ በአገራችን በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ቁጥጥር የሚደረግበት ዕቃ ነው፤ ያለ ስምና ያለ ይዘት በፌስታል የሚሸጥ ዱቄት ይህን ቁጥጥር አምልጦ የመጣ ነው።

ሦስተኛው የፀጉራችሁ ታሪክ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምጨነቅበት ይህ ነው። ሪላክሰር (የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል) የነካው ፀጉር፣ ባለፈው ዓመት በኬሚካል የተቀባ፣ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት የተቀባ ፀጉር ለአዲሱ ቀለም የሚሰጠው ምላሽ ይለያያል። ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ ብዙ ሴቶች ለዓመታት ፀጉራቸውን ከምታውቅ ፀጉር ሠሪ ጋር ተለያይተዋል። አዲሷ ፀጉር ሠሪ ያለፈውን አታውቅም፤ ሳትጠይቃችሁም ብትሆን ራሳችሁ ንገሯት። የብረት ጨው ያለበት ዱቄት በተቀባ ፀጉር ላይ ፐርኦክሳይድ ሲጨመር ይግላል፤ ፀጉሩም ሊበጣጠስ ይችላል።

የቀሩት ቆዳችሁ፣ ጊዜያችሁ፣ ውሃችሁና ብራችሁ ናቸው። ውሃውን አትናቁት። የሂናው ሊጥ ከፀጉር እስኪለቅ ድረስ በሳፋ ተደጋግሞ መታጠብ ይፈልጋል። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ከሆነ ጄሪካኑ ሳይሞላ ሂና አትቀቡ።

ንጹህ ሂና

ሂና ላውሶኒያ ኢነርሚስ የተባለ ቁጥቋጦ ደርቆ የተፈጨ ቅጠል ነው። ቀለም የሚሰጠው ላውሶን የተባለው ውሑድ ከፀጉሩ ፕሮቲን፣ ከኬራቲን፣ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ሂና በመታጠብ አይለቅም፤ ፀጉሩ አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ ይቆያል። ይህ ለአንዳንዱ በረከት ነው፤ በየሦስት ወሩ ቀለም መቀየር ለሚወድ ግን እስር ነው።

ቀለሙ አንድ ብቻ ነው፦ ከብርቱካናማ እስከ ቀይ ቡናማ። ነጭ ሽበት ላይ ደማቅ የመዳብ ቀለም ይሰጣል። ጥቁር ፀጉር ላይ ፀሐይ ስትወጣ ብቻ የሚታይ ቅላት ይተዋል። በመጀመሪያው ቀን ሽበቱ ቦግ ብሎ ብርቱካናማ ቢሆንባችሁ አትደንግጡ፤ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ይጠቁራል።

ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች የማይነግሯችሁ ሁለት የእኛ ነገሮች አሉ። አንደኛው ቅቤ ነው። ቅቤ ወይም ዘይት የተቀባ ፀጉር ላይ ሂና አይይዝም፤ ቅባቱ ፀጉሩን ሸፍኖ ቀለሙን ያግደዋል። ከመቀባታችሁ በፊት ያለ ኮንዲሽነር ሁለት ጊዜ በሻምፖ ታጠቡ። ሹሩባውም መፈታት አለበት፤ በሹሩባ ላይ የተቀባ ሂና ዥንጉርጉር ይወጣል። ሁለተኛው ብርዱ ነው። ላውሶን ከዱቄቱ የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ሙቀት ያፋጥነዋል። በሞቃት አገር የተጻፈ መመሪያ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይበቃል ቢልም፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ በተለይ በክረምት፣ ማታ አቡክታችሁ ሙቀት ባለበት ቦታ እስከ ነገ ረፋድ ብታቆዩት ይሻላል። መድረሱን ለማወቅ ጥቂቱን መዳፋችሁ ላይ ለአምስት ደቂቃ አድርጋችሁ ጥረጉት፤ ብርቱካናማ አሻራ ከተወ ደርሷል።

ለአጭር ፀጉር 100 ግራም፣ ትከሻ ለሚደርስ ከ200 እስከ 300 ግራም ይበቃል። ፀጉር ላይ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። የተረፈው ሊጥ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥና ሌላ ጊዜ ለሥሩ ብቻ ይውላል፤ ወጪውን በእጅጉ የሚቀንሰው ይህ ነው።

ጉድለቱንም ልንገር። ሂና ፀጉር ያደርቃል፤ የተጠቀለለ ፀጉር ሲደጋገምበት ጥቅሉ ሊላላ ይችላል። የቆዳ አለርጂው ብርቅ ቢሆንም የለም አይባልም፤ የዱቄቱ ብናኝም አስም ላለበት ሰው አይስማማም። ለሕፃናት ደግሞ በፍጹም አይቀባም፦ ጂ-6-ፒ-ዲ የተባለው ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሕፃናት ቀይ የደም ሕዋስ በሂና ምክንያት ሊፈርስ ይችላል።

ሂናና ኢንዲጎ

በዕፅዋት ብቻ ሽበትን ማጥቆር ይቻላል፤ መንገዱ ግን ሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ሂና ተቀብቶ ይታጠባል፤ በላዩ ኢንዲጎ ይቀባል። ቀዩና ሰማያዊው ተደራርበው ጥቁር ይሆናሉ። ሁለቱ ተደባልቀው አንዴ ከተቀቡ ደግሞ ቡናማ ይወጣል፤ ሂናው ሲበዛ ይቀላል፣ ኢንዲጎው ሲበዛ ይጠቁራል።

ኢንዲጎ አያያዙ የሂና ተቃራኒ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሎሚ አይጨመርበትም፣ አያድርም፣ ፍሪዘርም አይገባም። ለብ ባለ ውሃና በቁንጥር ጨው ይበጠበጣል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ወዲያው ይቀባል። በዘገየ ቁጥር ኃይሉን ያጣል። ፀጉር ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆይና ያለ ሻምፖ በውሃ ብቻ ይታጠባል። ቀለሙ አየር እያገኘ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ይጠልቃል፤ እስከዚያ ድረስ ሻምፖ አታስነኩት።

ኢንዲጎ እንደ ሂና በየሱቁ አይገኝም፤ ሲገኝም ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ ያረጀ ኢንዲጎ ደግሞ አይዝም። የምርት ቀኑን እዩ። ከገዛችሁ በኋላ ማበጠሪያችሁ ላይ የቀረ ሽበት ሰብስባችሁ አስቀድማችሁ ሞክሩበት፤ በሙሉ ራስ ከመማር ይሻላል። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ኢንዲጎ ያለበትን ፀጉር ወደፊት ብሊች ለማድረግ ብታስቡ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ተደምሮ ከግማሽ ቀን በላይ ይወስዳል። ቅዳሜ ከቤት የማትወጡበት ቀን ካላችሁና የሚያግዛችሁ እጅ ካለ፣ ለሽበት ከዚህ የተሻለ የዕፅዋት መንገድ አላውቅም።

እንሶስላ

እንሶስላ የእኛው ተክል ነው። ሥሩ ተቀጥቅጦ የእጅና የእግር መዳፍ፣ ጥፍርም የሚቀላበት፣ ሙሽሮች የሚያጌጡበት። በውስጡ ከሂና ጋር የሚጋራው ላውሶን አለ፤ ስለዚህ ለፀጉርስ ለምን አይሆንም የሚል ሐሳብ መነሳቱ ትክክል ነው። ችግሩ መጠኑ ነው። እንደ ሂና ለፀጉር ተመጥኖና ተፈጭቶ የታሸገ አይደለም፤ የሥሩ ቀለም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ራስ ለመሸፈን ብዙ ሥር ይፈልጋል። ለእጅና ለእግር ይቆየን፤ ለሙሉ ራስ አልመክረውም። ቡናና ሻይም እንደዚሁ ናቸው፦ ሽበቱን ትንሽ ያጠይማሉ፣ በአንድና በሁለት መታጠብ ይሄዳሉ።

«ጥቁር ሂና»

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ጥቁር ሂና የሚባል ተክል የለም። ዱቄቱን በግማሽ ሰዓት ጥቁር የሚያደርገው ፓራፌኒሊንዲያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ፣ የተባለ ኬሚካል ነው። ብዙ ጊዜ ባሪየም ፐርኦክሳይድ ወይም ሶዲየም ፒክራሜት አብሮት ይገኛል። ሂና በውስጡ ኖረም አልኖረ፣ ሥራውን የሚሠራው ፒፒዲ ነው።

ፒፒዲ በካርቶን ቀለም ውስጥም አለ፤ ልዩነቱ በልኩ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ፀጉር ላይ ሲቀባ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል። በከረጢት የሚሸጠውን ዱቄት ማን እንደለካው አይታወቅም፤ ለእጅ ሥዕል በሚቀባ ጥቁር ሂና ውስጥ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሆነ መጠን ተገኝቶ ያውቃል። በጎረቤታችን ሱዳን ፒፒዲ ከሂና ጋር ተደባልቆ መቀባቱ ፊትና ጉሮሮ እስከማሳበጥ የደረሰ ጉዳት ማስከተሉን ሐኪሞች ጽፈዋል። አንዴ ለፒፒዲ አለርጂ የሆነ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አለርጂ ሆኖ ይኖራል፤ ከዚያ በኋላ ደህና የነበረው የካርቶን ቀለምም አይስማማውም። በልጅነቷ ለሠርግ እጇ ላይ ጥቁር ሂና የተሣለላት ልጅ፣ ሠላሳ ዓመቷ ላይ የፀጉር ቀለም ስትቀባ ፊቷ ሊያብጥ ይችላል።

መለያዎቹ እነዚህ ናቸው። ንጹህ ሂና አረንጓዴ ወይም ወደ ካኪ ያደላ ነው፤ የደረቀ ሣር ይሸታል፤ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ጥቁር አይሰጥም። ዱቄቱ ራሱ ጠቆር ያለ ከሆነ፣ የሚሰነፍጥ የኬሚካል ሽታ ካለው፣ «ጥቁር» ወይም «በርገንዲ» ተብሎ በቀለም ስም ከተሸጠ፣ ደቂቃዎች ብቻ ከጠየቀ፣ ይዘቱን አንብቡ። ይዘት ካልተጻፈ መልሱት።

ቋሚ የኬሚካል ቀለም

አሠራሩ ከመቶ ዓመት በላይ ብዙም አልተለወጠም። ሆፍማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት የፒፒዲን ቀለም የመስጠት ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1863 መዘገበ፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ ለገበያ የሚቀርብ የፀጉር ቀለም ሆነ። አሞኒያ የፀጉሩን ቅርፊት ይከፍታል፤ ፐርኦክሳይዱ ያለውን ቀለም ያነሳል፤ ትንንሾቹ የቀለም ሞለኪውሎች ውስጥ ገብተው እዚያው ተያይዘው ይተልቃሉ። ስለዚህ አይወጡም።

ጥቅሙን መካድ አይገባም፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ የፈለጋችሁትን ቀለም፣ ሽበትን መቶ በመቶ ሸፍኖ ይሰጣል። ዋጋው ደግሞ መድረቅ፣ መሰባበርና አለርጂ ነው። የፐርኦክሳይዱ ኃይል በጨመረ ቁጥር ጉዳቱ ይጨምራል፤ 6 በመቶ ሽበት ለመሸፈን በቂ ነው፣ 12 በመቶውን ከራስ ቆዳ ማራቅ ይሻላል።

ስለ ካንሰር የሚወራው ብዙ ስለሆነ የተረጋገጠውን ብቻ ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሰነድ የፀጉር ሠሪነት ሥራን «ካንሰር ሳያስከትል አይቀርም» ከሚለው የ2ሀ ምድብ ውስጥ አስገብቷል፤ ቀለም በግል መቀባትን ግን በማስረጃ እጥረት አልፈረጀውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ 46,709 የአሜሪካ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ቋሚ ቀለም በሚቀቡ ጥቁር ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር ዕድል 45 በመቶ ከፍ ብሎ ማግኘቱን ገልጿል። በቀጣዩ ዓመት የወጣ 117,200 ነርሶችን የያዘ ሌላ ጥናት ደግሞ በአብዛኞቹ ካንሰሮች ላይ ጭማሪ አላየም፤ በጥቂቶቹ ላይ ግን አይቷል። መደናገጥ አያስፈልግም፤ በየሦስት ሳምንቱ ሙሉ ራስ መቀባትን ወደ ሥር ብቻ መቀነስ ግን ብልህነት ነው። በጠባብ ክፍል ቀኑን ሙሉ ቀለም ለሚበጠብጡ ልጆች ደግሞ ጓንትና የተከፈተ መስኮት የግድ ነው፤ የሳሎን ባለቤቶች ይህን አስቡበት።

«አሞኒያ የለውም» የተባለው

አሞኒያ ሲወጣ በቦታው ብዙ ጊዜ ኢታኖላሚን ይገባል። ሽታው ይቀንሳል፤ ፒፒዲው ግን እንዳለ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ለሽታና ለዓይን የሚመች ቀለም ነው እንጂ ለአለርጂ የሚመች ማለት አይደለም። ፐርኦክሳይድ የሌለበት ከፊል ቋሚ ቀለም ከዚህ የተለየ ነው፦ ከላይ ይለብስና ከጥቂት መታጠብ በኋላ ይለቃል፤ ፀጉሩን አይጎዳም፤ ሽበትን ግን ያደበዝዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም።

| አማራጭ | ሽበት ላይ የሚሰጠው | የሚወስደው ጊዜ | ቆይታ | የቆዳ ስጋት | የዓመት ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ንጹህ ሂና | መዳብ፣ ቀይ ቡናማ | 2–4 ሰዓት፣ ማቡካቱን ሳይጨምር | እስኪቆረጥ | አነስተኛ | ዝቅተኛ |
| ሂናና ኢንዲጎ | ቡናማ ወይም ጥቁር | ግማሽ ቀንና ከዚያ በላይ | ረጅም፣ ኢንዲጎው ሊደበዝዝ ይችላል | አነስተኛ | መካከለኛ |
| «ጥቁር ሂና» | ጥቁር | ግማሽ ሰዓት | ረጅም | ከሁሉም የከፋ | ሲታይ ዝቅተኛ |
| ቋሚ ኬሚካል | የተፈለገው ሁሉ | አንድ ሰዓት ገደማ | እስኪቆረጥ | ከፍተኛ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| አሞኒያ የሌለው | የተፈለገው፣ ማንጣት ላይ ደካማ | አንድ ሰዓት ገደማ | ወራት | ፒፒዲ ካለው ከፍተኛ | ከፍተኛ |
| ከፊል ቋሚ | ድብዝዝ ሽፋን | ከአንድ ሰዓት በታች | ጥቂት ሳምንት | መካከለኛ | መካከለኛ |

ወጪን በፓኬት ዋጋ አትለኩ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ሥሩ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ይህ ለሂናም ለኬሚካልም እኩል ነው። የዓመቱን ድግግሞሽና የፀጉር ሠሪ ክፍያ አብራችሁ አስሉ።

ለማን የትኛው?

ራሷ በአብዛኛው የሸበተ፣ ጥቁሩን የምትወድ፣ ቤት ውስጥ ጊዜ ያላት እናት ሁለት ደረጃውን ሂናና ኢንዲጎ ትጀምር። ጥቂት ሽበት ያላትና ቅላት የማይከብዳት ወጣት ንጹህ ሂና ብቻ ይበቃታል፤ ሽበቱ የመዳብ ዘለላ ሆኖ ያምራል። በጀቱ ለጠበበበትም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ርካሹን ጥቁር ከረጢት አይደለም።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥራ ላይ ለሚውል ሰው ግማሽ ቀን ቅንጦት ነው። እንዲህ ያለው ሰው አሞኒያ የሌለውን ለሥሩ ብቻ ይቀባ፤ ከዚያ በፊት ግን ቆዳው ላይ ይሞክረው። ፀጉሯን ማንጣት የምትፈልግ በእጇ የታመነች ባለሙያ ጋ ትሂድ እንጂ ቤት ውስጥ አትሞክር። ሪላክሰር ያደረገች ቢያንስ ሁለት ሳምንት ትጠብቅ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን እናድርግልሽ የሚል ሳሎን ካጋጠማት ትውጣ። ነፍሰ ጡር የሆነች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከኬሚካል ቀለም ታርፍ። የጥር ሙሽራ ምንም ዓይነት ቀለም ለመጀመሪያ ጊዜ በሠርጉ ሳምንት አትቀባ፤ ኅዳር ላይ ትሞክረው።

ጺማቸውን ለሚያጠቁሩ ወንዶች ደግሞ አንድ ነገር፦ የፊት ቆዳ ስስ ነው፣ ቀለሙም ከአፍና ከአፍንጫ አጠገብ ነው የሚውለው። ለራስ የተስማማ ለጺም ላይስማማ ይችላል። አባቶቻችን በሂና የሚያቀሉት ጺም ከዚህ አንጻር የተሻለ ምርጫ ነው።

ከመቀባት በፊት 48 ሰዓት

ማንኛውንም ቀለም፣ ሂናም ቢሆን፣ ከጆሮ ጀርባ ወይም ክርን እጥፋት ላይ በትንሹ ቀብታችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ። ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ውሃ ከቋጠረ ያ ቀለም የእናንተ አይደለም። ባለፈው ጊዜ ደህና ነበር ማለት ዛሬም ደህና ነው ማለት አይደለም፤ አለርጂ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊጀምር ይችላል።

ቀለሙ ራስ ላይ እያለ ማቃጠል ከጀመረ «ትንሽ ታገሺ» የሚላችሁን አትስሙ፤ ወዲያው በብዙ ውሃ አስታጥቡት። ማሳከክና ሽፍታ ብቻ ከሆነ የቆዳ ሐኪም ይበቃል። የዓይን ቆብ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ወይም መተንፈስ ከከበደ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ በቅርብ ወዳለው የድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ከረጢቱን ወይም ካርቶኑንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ምን እንደተቀባችሁ የሚያውቀው ከእሱ ነው።